መጠጥ ለማቆም የሚረዱ ስብሰባዎች፦ ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ሰው የት ያገኛቸዋል፣ ሲገባስ ምን ይጠብቀዋል?

መጠጥ ያስቸገረው ሰው ደሴ ላይ ምክር አያጣም። ጠበል ግባ ይሉታል፣ ዱአ አስደርግ ይሉታል፣ ወንድ ሁንና ቁረጥ ይሉታል። «እንደ አንተው ሲጠጡ ኖረው ካቆሙ ሰዎች ጋር በሳምንት አንድ ሰዓት ቁጭ በል» የሚለው ግን እምብዛም አይሰማም። የሰማውም በተለያየ መንገድ ይረዳዋል። አንዱ ሕክምና ይመስለዋል፣ ሌላው አዲስ ሃይማኖት፣ ሌላው ደግሞ ገመናን አደባባይ ማውጣት። ስብሰባው ከሦስቱ አንዱም አይደለም።

ታዲያ ምንድን ነው?

መጠጥ ማቆም የሚፈልጉና ያቆሙ ሰዎች በታወቀ ቀንና ሰዓት ተገናኝተው ሳምንቱን እንዴት እንደዋሉት ተራ በተራ የሚናገሩበት ነው። ሐኪም አይመራውም፣ መድኃኒት አይታደልበትም፣ ክፍያም የለውም።

በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ ባጭሩ ኤኤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ አክሮን ከተማ ላይ ተጀመረ። መሥራቾቹ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። ዊልሰን መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነበሩ። ለሥራ አክሮን ሄዶ ጉዳዩ ሳይሳካለት ሲቀር፣ ያረፈበት ሆቴል ቡና ቤት ይጣራው ጀመር። ያን ጊዜ የሚመክረውን ሰው አልፈለገም፤ የፈለገው ሌላ የመጠጥ ችግረኛ ነበር። አፈላልጎ ስሚዝን አገኘው። ሌላውን ሲያነጋግር የራሱ ፍላጎት በረደለት። ስብሰባው ሁሉ የቆመው በዚህች ነገር ላይ ነው፦ ረጂው ራሱ በመርዳቱ ይረዳል።

የኤኤ «12 ደረጃዎች» የተባሉት የማገገሚያ መርሆች እ.ኤ.አ. በ1939 ታተሙ። ቡድኖቹ የሚተዳደሩባቸው 12 ልማዶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 ጸደቁ። ከልማዶቹ አንዱ ለአባልነት የሚያስፈልገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው ይላል። ሌላው ቡድኑ ከውጭ ገንዘብ እንዳይቀበል ያዛል። የተለየ መንገድ የሚከተሉ ቡድኖችም አሉ። ስማርት ሪከቨሪ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመ ሲሆን ስለ አምላክ አያነሳም፤ የሚያተኩረው ሐሳብንና ልማድን በመለወጥ ዘዴዎች ላይ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ማነጻጸሪያ ዕድር ነው። ሰው ተራ በተራ ይረዳዳበታል፣ ዛሬ የቆምክለት ነገ ይቆምልሃል። ልዩነቱም ግን እዚያው ነው። ዕድር መዝገብ አለው፣ የቀረ ይቀጣል፣ ካዝናም አለው። እዚህ ስም አይመዘገብም፣ የቀረ አይቀጣም፣ ለቡናና ለስኳር ከሚዋጣው በላይ ገንዘብ አይያዝም። ይህን ልዩነት የዘነጉ ቡድኖች ለምን እንደሚፈርሱ ወደታች እንመለስበታለን።

ይሠራል ወይስ ወሬ ነው?

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ 10,565 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሯል። ሰውን ወደ ኤኤ በሥርዓት የሚያስገቡ ፕሮግራሞች ከተከተሉት ውስጥ በዓመቱ ጭራሽ ሳይጠጡ የተገኙት ከ100 ወደ 42 ገደማ ነበሩ። ሌሎች የምክር ሕክምናዎችን ከተከተሉት 35 ገደማ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ግን በነጻ ለሚገኝ ነገር ትልቅ ነው። ቁጥሩ ሌላም ነገር ይናገራል፦ በተሻለው መንገድ ውስጥ እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ ጠጥተዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተመልሶ የጠጣ ሰው ለየት ያለ ደካማ አይደለም።

ከሚሠራባቸው ምክንያቶች ትልቁ ወዳጅ መቀየሩ ነው። ፒያሳም ሆነ ሸዋ በር ብዙ የጠጣ ሰው አመሻሹ ላይ የሚደውሉለት ጓደኞቹ ሁሉ ከድራፍት ቤት ነው የሚደውሉት። መጠጡን ሲተው እነሱንም ያጣል፣ አመሻሹ ባዶ ይቀራል። ስብሰባው ያንን ባዶ ሰዓት ይሞላል፣ በዚያ ሰዓት የሚደወልለትም ሰው ይሰጠዋል።

ማን ነው አስቀድሞ ሐኪም ማየት ያለበት?

ይህን ክፍል ሳያነቡ አይለፉ። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቀጥ ሲያደርግ ሊሞት ይችላል። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፣ አንጎልም ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ያነቃል። ማደንዘዣው በድንገት ሲነሳ መነቃቃቱ ብቻውን ይቀራል።

ምልክቱ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፦ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። መንፈራገጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ይመጣል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ዲሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ከባዱ ደረጃ ሊከተል ይችላል፤ ሰውየው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል።

ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ያንፈራገጠው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የጉበት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በራሱ ማቆም የለበትም። ሕክምናው የታወቀ ነው። እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት በየቀኑ መጠኑ እየተቀነሰ ለጥቂት ቀናት ይሰጣል፣ ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1ም አብሮ ይታዘዛል። ምግብ አልቀምስ ላለ ጠጪ ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ መስቀል አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል ባለሙያ ታያሚኑን ያስቀድማል። ዲያዜፓምን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ራስን ማከም ግን ሌላ አደጋ ነው፤ ከመጠጥ ጋር ከተቀላቀለ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ቤተሰብ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ጠበል የገባ ወይም ዱአ የሚደረግለት ሰው በሁለተኛው ቀን ሲንፈራገጥና ሲለፈልፍ «ርኩስ መንፈሱ ሊለቀው ነው»፣ «ጂኒው ጮኸ» ይባላል፣ ይጠበቃል። ያ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሮጥበት ሰዓት ነው። ጠበሉም ዱአውም ከሆስፒታል መልስ ይደርሳል።

ጾምና ረመዷን ሲገቡም ይህንኑ ማስታወስ ያሻል። ለሃይማኖቱ ክብር ብሎ በመጀመሪያው ቀን ቀጥ የሚያደርግ ብዙ ነው፤ ዕለት በዕለት ሲጠጣ የከረመ ከሆነ ከሳምንት በፊት ሐኪም ያማክር።

ስብሰባውን ከየት ነው የማገኘው?

በር ላይ ማስታወቂያ አይለጠፍም። መነሻው ጤና ተቋም ነው። ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ የአልኮል ሱስ የሚታየውም እዚያ ነው። ካርድ ክፍል ላይ ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም፣ «አእምሮ ሕክምና» ማለት ይበቃል። ሁለቱም ከተሞች ባሉ ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ለአእምሮ ጤና ችግሮች የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን መኖሩን ይጠይቁ። ባለሙያው አሥር ጥያቄዎች ሊጠይቅዎት ይችላል፦ በሳምንት ስንት ቀን ይጠጣሉ፣ ሲጀምሩ ማቆም ያቅትዎታል ወይ፣ ጠዋት ይጠጣሉ ወይ የመሳሰሉትን። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ነው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል። 8 እና ከዚያ በላይ አደገኛ አጠጣጥ መኖሩን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሱስ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ቀንሶ መመለስ ትርፉ ለማንም አይደለም።

አጠያየቁ ላይ አንድ ብልሃት አለ። «መጠጥ ያቆመ ሰው አስተዋውቁኝ» ካሉ ባለሙያው የሌላ ታካሚ ስም መስጠት አይችልም፣ መልሱ «አናውቅም» ይሆናል። «መጠጥ አቁሞ ሊያነጋግረኝ ፈቃደኛ የሆነ ታካሚ ካለ የእኔን ስልክ ስጡልኝ» ካሉ ግን የማንም ምስጢር አይነካም። በወር አንዴ ተመልሶ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ነርሷ ብዙ ሰው ታያለች፣ ትረሳለች።

ሁለተኛው መንገድ የንስሐ አባት ወይም የሰፈር ሸህ ነው። ማን እንዳቆመ ያውቃሉ። እነሱንም በዚያው ዘዴ ይጠይቁ፣ ስልክዎን ይተዉላቸው።

ሦስተኛው ኢንተርኔት ነው። ኤኤ በዙም የሚካሄዱ ስብሰባዎች ዝርዝር አለው፤ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ ማለት ይቻላል፣ አንዱ ይጀመራል። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ መናገር ግን ግዴታ አይደለም፣ መስማት ይቻላል። ሰው የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። የናይሮቢ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ እነሱ 7 ፒኤም ሲሉ ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የለንደን 7 ፒኤም በእነሱ ክረምት ለእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በበጋቸው 3 ሰዓት ይሆናል። የኒውዮርክ 7 ፒኤም ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ስለሚውል ለእንቅልፍ የለሽ ካልሆነ አይመችም። የኒውዮርክ ቀትር ግን ለእኛ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፣ በትክክል ድራፍት ቤቱ የሚሞቅበት ሰዓት።

ከመግባትዎ በፊት ዙም ላይ የሚታየውን ስም ወደ መጠሪያ ስም ብቻ ይቀይሩ፣ ካሜራዎን ይዝጉ፣ የሌሎችንም ምስል ማየት ያጥፉ፤ ዳታው በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። የቴሌግራም ቡድን ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የስልክ ቁጥርዎ ለማንም እንዳይታይ በምስጢራዊነት ማስተካከያው ላይ ይዝጉት። ይህን ሳያደርጉ ገብተው በሳምንቱ ከሰፈር ሰው መልእክት የደረሳቸው ሰዎች ቡድኑን ጥለው ይወጣሉ።

የሚያውቀኝ ሰው ቢያጋጥመኝስ?

ደሴ ላይ የማይተዋወቅ የለም፣ ፍርሃቱ እውነት ነው። ለሙስሊም ጠጪ ደግሞ እጥፍ ይሆንበታል፤ መጠጣቱ ራሱ ተደብቆ የኖረ ነው። መፍትሔው መልክዓ ምድሩ ውስጥ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደሴው ሰው በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ይሰብሰብ፣ የኮምቦልቻው ደሴ ይውጣ። የሚኒባሱ ዋጋ ከሁለት ቢራ አይበልጥም። ሰው ቢጠይቅ ገበያ ነው፣ ዘመድ ጥየቃ ነው።

የሚያውቁት ሰው ውስጥ ተቀምጦ ቢያገኙትም አይደንግጡ፤ እሱም የተገኘው በዚያው ጉዳይ ነው። ስብሰባዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። «ዝግ» የሚባለው የመጠጥ ችግር ላለበት ብቻ ነው፣ «ክፍት» የሚባለው ቤተሰብና ባለሙያም ይገባበታል። ምስጢር የሚያሳስበው ሰው በዝጉ ይጀምር።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይሆናል?

ክበብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ተረኛው መሪ ሕጉን ያነባል፦ እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል። ሰው መጠሪያ ስሙን ብቻ ይናገራል፤ የአባት ስም፣ ሥራ፣ ሰፈር አይጠየቅም። እያንዳንዱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ስለራሱ ይናገራል። ሲጨርስ ማንም አይመልስለትም፣ አይመክረውም፣ አይገሥጸውም። ሰው ሲናገር «አይዞህ፣ እኔ ብሆን...» ማለት ለለመደ ወሎዬ ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ደንቡ ግን በከንቱ አልተደነገገም። ምክር የፈራ ሰው እውነቱን አይናገርም፣ «ትናንት ጠጣሁ» የሚለውን ደግሞ መናገር ያለበት እዚያ ነው። ምክር የፈለገ ከስብሰባው በኋላ ቡና ላይ ይጠይቃል።

አዲስ መጪ «ዛሬ ማዳመጥ ነው የምፈልገው» ካለ ያልፉታል። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የጠጣ ሰው ቢመጣ አይባረርም፣ ዳር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል፣ አይናገርም።

ለጥቂት ሳምንታት ከተመላለሱ በኋላ ደጋፊ መምረጥ ይመጣል። ደጋፊ ማለት በጨነቀ ሰዓት የሚደወልለት፣ ቀድሞ ያቆመ ሰው ነው። በልማድ ቢያንስ ዓመት የሞላውና ጾታው ከእርስዎ ጋር አንድ የሆነ ሰው ይመረጣል። ገንዘብ አበዳሪ፣ አማላጅ ወይም ሐኪም አይደለም።

በአንድ ስብሰባ አይፍረዱ። የመጀመሪያው ቀን ባይጥም ስድስት ያህል ጊዜ ሞክረው ይወስኑ።

ሃይማኖት ቢለያይስ?

የኤኤ ደረጃዎች አምላክን ያነሳሉ፣ ግን «እኛ እንደምንረዳው» ብለው ለየሰው ይተዉታል። ወሎ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ መጸለይ አዲስ ነገር አይደለም፣ በአንድ ቤት የሁለት እምነት ወንድማማች ሞልቷል። ተግባራዊው መፍትሔ ስብሰባውን በአንድ ደቂቃ ዝምታ መክፈት ነው፤ ሁሉም በልቡ የራሱን ይላል። ችግር የሚመጣው አንዱ ሰው ሰዓቱን ወደ ስብከት ሲለውጠው ነው። መሪው በጨዋነት «ሰዓትህ ደርሷል» ማለት ካልቻለ የሌላ እምነት ሰዎች በሦስተኛው ሳምንት አይመጡም።

ጫትስ?

ይህ በውጭ አገር መመሪያ ላይ አይገኝም፣ እዚህ ግን መዝለል አይቻልም። ጫት ቅሞ ምርቃናውን በመጠጥ መስበር፣ ጨብሲ የሚሉት፣ በአካባቢው የብዙ ሰው መጠጥ መነሻ ነው። መጠጡን ትቶ መቃሙን የቀጠለ ሰው ማታ ላይ እንቅልፉ እምቢ ሲለው ወደ ቢራው ይመለሳል። በስብሰባው ስለ ጫትም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ «እሱማ ሱስ አይደለም» ብሎ ማለፍ ብዙ ሰው ጥሏል።

ስብሰባ ባላገኝስ?

ሁለት ሰው ይበቃል። በኤኤ ልማድ ሁለት ወይም ሦስት ሰው መጠጥ ለማቆም ብሎ ከተሰበሰበ ቡድን ነው። ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሰው በነርሷ በኩል ከተገኘ ቀን ይቁረጡ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሦስተኛ ሰው ይፈልጉ።

ቦታው መጠጥ የማይሸጥበት ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው የጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል ነው፤ ሰው ሲገባ ለሕክምና የመጣ ይመስላል፣ «ለምን ትሰበሰባላችሁ» ለሚልም ኃላፊው መልስ አለው። የግለሰብ ቤት ለምስጢር አይመችም፣ ጎረቤት ይቆጥራል። ሰዓቱ ከአርብ ጁምዓና ከእሁድ ቅዳሴ ጋር አይጋጭ፣ ባጃጅ ሳይጠፋም ይለቅ። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ሠራተኛ ካለበት በፈረቃ ስለሚውል አንድ ሳምንት ጠዋት አንድ ሳምንት ከሰዓት ማፈራረቅ ግድ ይላል። ሴቶች፣ በተለይ ጠላና አረቄ እያወጡ የሚተዳደሩት፣ ከወንዶች ጋር ተቀምጠው አይናገሩም፤ ለብቻቸው መሰብሰብ አለባቸው። መጠጡ መተዳደሪያቸው ስለሆነ «ከቤትሽ አውጪው» የሚለው ተራ ምክር ለእነሱ አይሠራም፤ የመጀመሪያው ውይይታቸው ሌላ ምን ሊሸጡ እንደሚችሉ ይሆናል።

የሚያፈርሱት ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንዱ አበል ነው። የሆነ ድርጅት ለተሰብሳቢ የትራንስፖርት ከከፈለ ሰው ይበዛል፣ ክፍያው ሲቆም ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ሁለተኛው ቡድኑ ቀስ በቀስ ወደ ዕድር መለወጡ ነው፦ መዝገብ ይከፈታል፣ የቀረ ይቀጣል፣ መዋጮ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ብድር ይጠየቃል። ተመልሶ የጠጣው ሰው ቅጣቱንና ዕዳውን ፈርቶ ይጠፋል፤ መምጣት የነበረበት ደግሞ ያኔ ነው። ሦስተኛው አንድ ሰው ለብቻው መምራቱ ነው። እሱ የታመመ ወይም የጠጣ ቀን ቡድኑ አብሮት ያልቃል። መሪነቱን በየወሩ ያዙሩት።

ቤተሰብስ ምን ያድርግ?

አል-አኖን የተባለው የቤተሰብ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተ ሲሆን የጠጪዎች ሚስቶች፣ ባሎች፣ ወላጆችና ልጆች ለብቻቸው ይሰበሰቡበታል። ትምህርቱ ሲጠቀለል የሌላውን መጠጥ መቆጣጠር አይቻልም የሚል ነው። ጠርሙስ መደበቅ፣ ኪስ መፈተሽ፣ ለአለቃ «ታሟል» ብሎ መደወል፣ የቡና ቤት ዱቤ መክፈል ችግሩን ያራዝማሉ። እናት «ልጄ ጉድ እንዳይሆን» ብላ ዱቤውን በከፈለች ቁጥር ባለቡና ቤቱ እንደገና ያበድረዋል።

ቤተሰብ በትክክል ሊረዳ የሚችለው የበዓል ዝግጅት ላይ ነው። ፋሲካ፣ መስቀል፣ ሠርግ፣ የወር ማኅበር፣ ዝክር፤ ጠላ ሳይቀርብ የሚውል የለም፣ «ለጽዋው ቅመስ» የሚልም አይጠፋም። ያቆመው ሰው ከመድረሱ በፊት ቤተሰብ ለአስተናጋጁ ይንገር፣ ለስላሳው ወይም ብርዙ ከእጁ አይለይ፣ ባዶ ብርጭቆ ይዞ የተቀመጠ ሰው ይቀዳለታልና። ማኅበርተኛ ከሆነ ተራው ሲደርስ ያለ ጠላ ማስተናገድ እንደሚፈልግ ለሙሴው አስቀድሞ ይንገር። ስብሰባውም በዓሉ ሲያልፍ ሳይሆን በዋዜማው ይሁን። ደጋፊውም በዕለቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ አመሻሽ ላይ አንድ ጊዜ ይደውል።